የሂሳብ አያያዝ ለውጥ ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ይጀምራል

እንደሚታወቀው በማንኛውም የጋራ ድርጅት ውስጥ ሀብቱ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከመተዳደሪያ ደንቡ ሲሆን፣ ሀብቱ የት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ ግን መልስ የሚሰጠው የሂሳብ መዝገቡ ብቻ ነው። ደንቡ «የአባላት ነው» ቢልም መዝገቡ ካልተናገረ ሀብቱ በተግባር የሚሆነው የግምጃ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ነው። በመሆኑም የሂሳብ አያያዝ ጉዳይ የሂሳብ ሹሙ የግል ሙያ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ጉዳዩ የባለቤትነት ጥያቄ ነው፤ የባለቤትነት ጥያቄ ደግሞ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

ይህን እንድናነሳ ያስገደደን በአገራችን በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ፣ በየዕድሩና በየሠራተኛ ማኅበሩ «ሂሳባችንን በኮምፒዩተር እናድርገው» የሚለው ድምፅ እየበረታ መምጣቱ ነው። ሐሳቡን አንቃወምም። የምንቃወመው ሥራው የሚጀመርበትን ጫፍ ነው። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ ኮምፒዩተር ይገዛል፣ ቀጥሎ ሶፍትዌር ይፈለጋል፣ ከዚያ አንድ ወጣት ለሥልጠና ይላካል፣ በመጨረሻም «እንግዲህ ምን እንመዝግብበት?» ተብሎ ይጠየቃል። መጀመር የነበረበት ጥያቄ በመጨረሻ ሲመጣ የሚከተለውን ውጤት በዓይናችን አይተናል። ስሙን የማንጠራው አንድ ማኅበር ሠልጣኙ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ በሄደ ማግስት ኮምፒዩተሩን በላስቲክ ሸፍኖ አስቀመጠው። የድሮው መዝገብም ለወራት ሳይጻፍበት ስለቆየ ማኅበሩ ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ።

ነገሩን በተጨባጭ ሁኔታ ላይ ቆመን እንመልከተው። በዳባትና በደባርቅ ደጋ የሚኖረው ገበሬ ገብሱን የሚዘራው ክረምቱ ሲገባ ነው። ማዳበሪያውን የሚያገኘው ከቀበሌው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፤ ይከፍላል፣ ደረሰኝ ይይዛል፣ ተራውን ይጠብቃል። በደረሰኙ ላይ ያለው ስም ከመዝገቡ ጋር ካልተገናኘ፣ ወይም መዝገቡ አለ የሚለው ከረጢት በግምጃ ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ ጉዳቱ የአንድ ቀን መጉላላት ሆኖ አይቀርም። ዘር ቀን አይጠብቅም። በሰኔ የጠፋ አንድ ከረጢት በኅዳር ከአውድማው ላይ ይጎድላል፣ በግንቦት ደግሞ ከቤተሰቡ ሞሰብ። በከተማ ላለው አንባቢ የሂሳብ ስህተት ማለት የቁጥር መፋለስ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ለዚህ ገበሬ ግን ስህተቱ እህል ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ሁለትዮሽ የሂሳብ አመዘጋገብ ጥቂት ማለት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ዴቢትና ክሬዲት የሚሉት ቃላት ብዙውን አባል ከስብሰባ የሚያስፈሩ ሆነዋል። ነገሩ ግን ከገበያ ጥበብ የወጣ ነው። አንድ ከረጢት ከግምጃ ቤት ሲወጣ በምትኩ አንድ ነገር መግባት አለበት፤ ወይ ጥሬ ገንዘብ፣ ወይ የባለዕዳ ስም። የወጣውና የገባው በሁለት ቦታ ይጻፋሉ፣ በመጨረሻም እኩል መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ አንድ ሰው ተሳስቷል ወይም ወስዷል። የኢጣሊያ ነጋዴዎች ሲሠሩበት የኖሩትን ይህን ዘዴ ሉካ ፓቾሊ የተባለ መነኩሴ በ1494 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቬኒስ ባሳተመው የሂሳብ መጽሐፍ ውስጥ ገልጾታል። በነጠላ አመዘጋገብ ግን የሚጻፈው ገንዘብ ገባ፣ ገንዘብ ወጣ ብቻ ነው። ያልተከፈለ ዕዳ፣ በግምጃ ቤት የተቀመጠ ዕቃ፣ በቅድሚያ የተሰጠ ገንዘብ በዚያ መዝገብ ውስጥ ድምፅ የላቸውም። ድምፅ የሌለው ሀብት ደግሞ ለምዝበራ የተመቸ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለረጅም ዘመን የኖሩት በዚሁ በነጠላ አመዘጋገብ ነበር። ሂሳብ ሳይዘጋ ዓመት በዓመት ላይ ይደራረብ እንደነበር የዘመኑ የሂሳብ ሠራተኞች ያስታውሱታል። ለውጡ የመጣው በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ውስጥ በተካሄደው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 57 በ1989 ዓ.ም. ወጣ። የበጀትና የሂሳብ ማሻሻያውን ለማገዝ በአሜሪካ የልማት ተራድኦ ገንዘብ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከገንዘብ ሚኒስቴር ጋር ለዓመታት ሠሩ። የሂሳብ መደቦች ዝርዝር እንደገና ተዘጋጀ፣ ሁለትዮሽ አመዘጋገብ ገባ፣ ማኑዋሎች ተጻፉ፣ ከክልል እስከ ወረዳ ያሉ የሂሳብ ሠራተኞች በየተራ ሠለጠኑ። «አይቤክስ» የተባለው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ፕሮግራም የተሠራው ይህን አሠራር እንዲሸከም እንጂ አሠራሩን ከአየር እንዲፈጥር አልነበረም።

ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው። ወረዳዎች የድጎማ በጀታቸውን ራሳቸው ማስተዳደር በጀመሩበት በ1990ዎቹ አጋማሽ በብዙ ወረዳ ኮምፒዩተር ቀርቶ አስተማማኝ መብራት አልነበረም። ሥራው ግን መብራቱን አልጠበቀም። የሂሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያ በእጁ፣ በወረቀት ላይ፣ ሁለት ወገን ያለውን ሂሳብ መጻፍ ተማረ። ኮምፒዩተር በሌለበት ወረዳ በእጅ የተጻፈው ሪፖርት ወደ ዞን እየተላከ እዚያ ይመዘገብ ነበር። ማሽኑ ሲደርስለት የሚያውቀውን ሥራ አቀለለለት እንጂ አዲስ ምስጢር ሆኖ አልጠበቀውም። ሥራውን የመሩት ስቲፈን ፒተርሰን በ2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት መጽሐፍ የሚከራከሩትም ለዚሁ ነው፤ ያለውን አሠራር አውቆ ማሻሻል ሁሉንም አፍርሶ ከውጭ በመጣ ንድፍ ከመተካት ይሻላል ይላሉ። ቆየት ብሎ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የገባው «ኢፍሚስ» የተባለው ሥርዓት ከውጭ በተገዛ የኦራክል ሶፍትዌር ላይ የቆመ ሲሆን፣ የትኛው መንገድ ይሻላል የሚለው ክርክር በባለሙያዎች ዘንድ ቀጥሏል። እኛ ባለሙያ ነን ብለን ዳኛ አንሆንም። ለቀበሌ ማኅበር የሚስማማው መንገድ የመጀመሪያው መሆኑን ግን አንጠራጠርም።

ይህን ስንል የወረዳውን አሠራር ነቀፌታ የሌለው አድርገን ማቅረባችን አይደለም። የትምህርት፣ የጤናና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሂሳብ በአንድ የገንዘብ ጽሕፈት ቤት ተጠቃልሎ የሚያዝበት «ፑል» የተሰኘው አሠራር የሠለጠነ ሂሳብ ሹም በጠፋበት ጊዜ ብልህ መፍትሔ ነበር። ዳሩ ግን ጠመኔና ደብተር የቸገረው ርዕሰ መምህር ወረዳ ከተማ ድረስ ተጉዞ ፊርማ እንዲጠብቅ ያደረገው ጊዜም ጥቂት አልነበረም። ቁጥጥሩ ከሥራው ቦታ ሲርቅ ቁጥጥር መሆኑ ይቀርና ቢሮክራሲ ይሆናል። አዲስ ሥርዓት የሚያቅዱ ማኅበራት ይህንንም ከወረዳው ሊማሩ ይገባል።

እንግዲህ ዕቅዱ ከየት ይጀመር? ከሶፍትዌር ሻጩ ቢሮ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ነው። ለአንድ ሳምንት የማኅበሩ የቁጥጥር ኮሚቴ በር ላይ ተቀምጦ የሚሆነውን ይመልከት። ዕቃ ሲገባ ማን ይረከባል? የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለገቢ ዕቃ ሞዴል 19፣ ለመጠየቂያ ሞዴል 20፣ ለወጪ ዕቃ ሞዴል 22፣ ለገቢ ገንዘብ ሞዴል 64 የሚሏቸው ቅጾች አሏቸው፤ ማኅበራችን በእነዚህ ፈንታ ምን አለው? ገንዘብ የሚቀበለውና ከረጢቱን የሚያስረክበው አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት? አባል በዱቤ ሲወስድ የሚጻፈው የት ነው፤ በመዝገብ ነው ወይስ በጸሐፊው የኪስ ደብተር? የኪስ ደብተሩ በእውነቱ የማኅበሩ ዋና መዝገብ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ሳያውቁ ኮምፒዩተር የሚገዙ ሰዎች የሚያዘምኑት ማንም የማይጠቀምበትን መዝገብ ነው።

ደባርቅ ላይ የሚታይ ሌላ አብነት እንጨምር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ከተማዋ የጎብኚዎች መነሻ በር ሆናለች። አስጎብኚው፣ ምግብ አብሳዩ፣ በቅሎ አከራዩ ሥራ የሚያገኘው በተራ ነው። ለውጭ ሰው ያ የተራ ዝርዝር የስም ወረቀት ይመስለዋል። ለበቅሎ አከራዩ ግን የገቢ መዝገብ፣ የፍትሕ ሰነድና የበጀት ዕቅድ በአንድነት ነው። በጦርነቱ ምክንያት ጎብኚ በቀነሰበት ጊዜ አንድ ተራ መዘለል ማለት የወር ገቢ ማጣት ሊሆን ይችላል። ለእነዚህ ሠራተኞች ማኅበር የሂሳብ ሥርዓት የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት የተራውን ዝርዝር ነው። ከባንክ ደብተሩ በፊት ማለታችን ነው።

ወደ ዝርዝሩ ስንገባ፣ ከውጭ የመጣ ፕሮግራም የማያውቃቸው የእኛ የሆኑ ነገሮች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በአማርኛ አንድ ሰው ዛሬ «ኃይሌ»፣ ነገ «ሀይሌ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ አንባቢ አንድ ሰው መሆኑን ያውቃል፣ ኮምፒዩተሩ ግን ሁለት አባላት ናቸው ይላል። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ዐ እና አ ሲጨመሩበት ከአንድ ቀበሌ ዝርዝር ውስጥ የሌሉ አባላት ይፈጠራሉ። በስሙ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ማዳበሪያ ሊወስድ ይችላል፤ ወይም ከፍሎ ሳለ ባለዕዳ ሊባል ይችላል። በአንጻሩ የአባትና የአያት ስማቸው ጭምር የሚመሳሰል ሁለት ጎረቤታሞች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አባል የማይለወጥ ቁጥር መስጠት ከኮምፒዩተሩ በፊት፣ በወረቀት መዝገቡ ላይ መሠራት ያለበት ሥራ ነው። ቁጥሩ በአባሉ ደብተርም ላይ ይጻፍ፤ አባሉ ቁጥሩን እንደ ልጁ ስም ይወቀው።

ሁለተኛው ቀን ነው። የእኛ ዓመት 13 ወራት አሉት። ለጳጉሜን ደመወዝ አይከፈልም፤ ዕቃ ግን በጳጉሜንም ይሸጣል። በአውሮፓውያን 12 ወራት የተቀረጸ ፕሮግራም ውስጥ ሐምሌ 1 ቀን ጁላይ 8 ሆኖ ይገባል፤ ወርሃዊው ሪፖርት በአንድ አቆጣጠር ተዘግቶ ደረሰኙ በሌላ አቆጣጠር ተቆርጦ ሲገኝ የቁጥጥር ኮሚቴው አንዱን ከአንዱ ለማስታረቅ ሌሊት ያድራል። ፕሮግራሙን የሚሸጥ ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጳጉሜን የት ነው የምትገባው?» የሚል ይሁን። ፈገግ ብሎ ካለፈው ሌላ ሻጭ ይፈለግ።

ሦስተኛው የሚያከራክረው ነው፤ ሥርዓቱ መቼ ይለወጥ? የሂሳብ ባለሙያዎች በአንድ ድምፅ «በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ፣ ሐምሌ 1» ይላሉ። በመጽሐፍ ትክክል ናቸው። ነገር ግን በስሜን ግርጌ ላለ የገበሬ ማኅበር ሰኔና ሐምሌ ማዳበሪያ የሚሠራጭበት፣ ግምጃ ቤቱ የሚጨናነቅበት፣ መንገዱ በጭቃ የሚያዝበት፣ ሂሳብ ሹሙም የዓመቱን ሂሳብ ለመዝጋት የሚጣደፍበት ወቅት ነው። ከዚህ የከፋ ጊዜ ቢፈለግ አይገኝም። የእኛ አስተያየት እንደሚከተለው ነው። አዝመራው ከገባና ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ በሚሆንበትና አባላት ፋታ ባላቸው ጊዜ ቆጠራ ይደረግ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ አሮጌውና አዲሱ መዝገብ ጎን ለጎን ይጻፉ። የሦስቱም ወራት ሚዛን ከተገናኘ አዲሱ የግንቦትን ሥራ ይረከብ፤ ካልተገናኘ አሮጌው ይቀጥል፣ ዓመቱም በእርሱ ይዘጋ። በዓመቱ አጋማሽ ሂሳብ ማዞር ለሂሳብ ሹሙ ድካም እንደሚጨምር እናውቃለን። ድካሙን በየካቲት መክፈል ግን ገበሬውን በሰኔ ከማስከፈል ይሻላል።

ስለ ቆጠራው አንድ ቃል እንጨምር። የአዲስ ሥርዓት ከባዱ ክፍል የመነሻ ሚዛኑ ነው። ከሞቱና አገር ከለቀቁ አባላት ስም ላይ ለዓመታት ሲንከባለል የኖረ ዕዳ፣ በመዝገብ እንጂ በግምጃ ቤት የሌለ ሚዛን፣ ቀዳዳ ከረጢት፣ የተሰበረ የውሃ ፓምፕ ሁሉ በዚያን ቀን ይገለጣል። ኮሚቴዎች አዲስ ሥርዓት እየፈለጉ ቆጠራውን የሚሸሹት በዚህ ምክንያት ነው። የቆየውን የተሳሳተ ቁጥር እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ስህተቱን ማተሚያ ቤት እንደ መላክ ያህል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠራጠረውም። ቆጠራ የአንድ ማኅበር ግለ ሂስ ነውና በአባላት ፊት፣ በቀን፣ በክፍት በር ይደረግ። የጎደለው ይጻፍ። የማይሰበሰበው ዕዳ በጠቅላላ ጉባዔ ውሳኔ ይሠረዝ እንጂ በአንድ ሰው ጣት ከማሽን ውስጥ አይጥፋ።

ይህም ወደ ይለፍ ቃል ጉዳይ ይወስደናል። በወረቀት ዘመን ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊውና ግምጃ ቤት ጠባቂው ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የእጅ ጽሑፎች ነበሩ። ሦስቱ ካልተስማሙ በቀር መስረቅ አስቸጋሪ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ሦስቱም ሥራ በአንድ ወጣት እጅ ይወድቃል፤ የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ ከማሽኑ ሥር ይቀመጣል። የእጅ ጽሑፍ የለም፣ የተሠረዘ መስመር አይታይም። ታዲያ በዘመናዊነት ስም የድሮውን ቁጥጥር አፈረስን ማለት ነው። ሦስቱ ኃላፊዎች ሦስት የይለፍ ቃል ይያዙ፤ ፕሮግራሙም ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ የሚያስቀምጥና ያለፈውን ወር ዳግመኛ የማያስከፍት ይሁን። ይህን የማይችል ፕሮግራም ቢረክስም ውድ ነው። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 የማኅበራት ሂሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ደንግጎ ነበር፤ እርሱም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል። መርማሪው መጥቶ የሚመረምረው ዱካ ግን ማኅበሩ ራሱ ማስቀመጥ አለበት።

መዝገቡ የሚቀመጥበትም ቦታ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ድረስ ደርሷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሂሳቡን ሩቅ አገር ባለ ማሽን ላይ ያስቀመጠ ማኅበር በእነዚያ ወራት የራሱን ገንዘብ ማየት አይችልም፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ብቻ ያስቀመጠ ደግሞ ክፍሉ ሲዘረፍ ሁሉንም ያጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለ መስመር የሚሠራ ይሁን፤ በየወሩ መጨረሻ ሚዛኑ በወረቀት ታትሞ በሦስቱ ኃላፊዎች ይፈረም፣ አንዱ ቅጂ ከማኅበሩ ቢሮ ውጭ ይቀመጥ። ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የልደት፣ የሞትና የነዋሪ ዝውውር መረጃ የሚሰበስብበት ማዕከል አለ። የማዕከሉ ዕድሜ የሚያስተምረን ነገር ቢኖር መዝገብን በሕይወት የሚያቆየው ወደዚያው ቤት ደጋግሞ የሚመለሰው መረጃ ሰብሳቢ መሆኑን ነው፤ ኮምፒዩተሮች በየጊዜው ያረጃሉ፣ ይተካሉ።

በመጨረሻ የምናነሳው የአባሉን ድርሻ ነው። ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ሥር የወረዳ በጀት ተራው ነዋሪ በሚያነበው ቋንቋና ቅጽ በአደባባይ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጎ ነበር። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል ተብሎ ሲጻፍ ያነበበ ሰው ቢያንስ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃል። የቀበሌው ማኅበርም ከዚህ ያነሰ ማድረግ የለበትም። ፕሮግራሙ ከሚያወጣው ብዙ ሪፖርት ውስጥ አንድ ገጽ ይመረጥ፤ በእርሱም ላይ የገባ ከረጢት፣ የወጣ ከረጢት፣ የቀረ ከረጢት፣ በባንክ ያለ ብር፣ በአባላት እጅ ያለ ዱቤ ይጻፍ። ማንበብ የማይችሉ አባላት ስላሉ በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ገበያተኛው ሳይበተን፣ ጸሐፊው ከግምጃ ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። አንብቦ ሲጨርስም በሩን ይክፈት፤ ከአባላት መካከል ሁለት ሰዎች ገብተው ከረጢቶቹን ይቁጠሩ።